አዝማሪዎችን ያደራጀው ሰውዬ

አቶ ይበልጣል መሞቱን የነገረችኝ እህቴ ናት። ሞጣ ካገባች ወዲህ የዚያ አገር ለቅሶ ሁሉ በሷ ስልክ በኩል ነው ቢቸና የሚደርሰኝ።

"ምን ሆኖ ሞተ?" አልኳት።

"ምን ሆነው ሞቱ ነው የሚባለው። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"እሺ፣ ምን ሆኖ ሞተ?"

"ነፍስ ይማር በይ እንጂ አንቺ ክፉ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

ለሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይላሉ። ይህን ሰውዬ ግን በቁሙ ስጠላው ኖሬ፣ ሞተ ተብሎ ስለተደወለልኝ ብቻ ልወደው አልችልም። አንቱታውንም የነሳሁት ያኔ ነው። ዛሬ ብመልስለት ማስመሰል ይሆንብኛል። የሚገርመኝ ግን የወደድኳቸው ሰዎች መልክ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘብኝ ሲሄድ የሱ መልክ አንዲት መስመር ሳትጎድለው አለ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው። ሐምሌም ይሁን ጥር ከኮቱ ላይ ጥለቱ የደመቀ ነጠላ አንገቱ ላይ ይጠመጥማል። ሲያወራ እስክሪብቶውን እንደ መቋሚያ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የደብረ ወርቅ ካህናት ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ወደ አስኳላ ተሻገረ ይባላል።

ማሲንቆ ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እንባው በጉንጩ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ። ዘፈኑ አልቆ ዓይኑን ሲገልጥ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ይህን ማነው የሚመራው?"

ማንም አይመራውም ሲሉት ፊቱ ይለወጣል። ልጅ ብቻውን ወንዝ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ነው የሚመስለው።

ቢቸና የመጣው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በማኅበር ተደራጅ በሚባልበት ዘመን ነው። ኮብልስቶን የሚያነጥፈው ተደራጅቷል፤ ዶሮ የሚያረባው ተደራጅቷል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ተደራጅቷል። አቶ ይበልጣል የባህል ኃላፊ ተብሎ ሲመጣና ዙሪያውን ሲቃኝ ሳይደራጅ የቀረው አዝማሪ ብቻ ሆኖ አገኘው።

ከአዝማሪዎቹ በፊት ግን በሕፃናት ተለማምዷል። በመጣበት ዓመት በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አደይ ይዘው በየደጁ እየዞሩ "አበባየሆሽ" ሲሉ አየና የተለመደውን ጠየቀ፤ ማነው የሚመራቸው? በማግሥቱ ዓመት ከየቀበሌው አንድ አንድ ቡድን ተመርጦ፣ ደረታቸው ላይ ባጅ ተንጠልጥሎላቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው ዘፈኑ። ያልተመረጡት ልጆች በየቤታቸው ተቀመጡ። እናቶች ዳቦውን ደፍተው፣ ሽልንጉን አዘጋጅተው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። ደጃችን የመጣ ልጅ አልነበረም። ማታ በስብሰባ ላይ "ዘንድሮ በዓሉ በተደራጀ መልኩ ተከብሯል" ሲል ሰማሁት፤ ከልቡ ነበር የተደሰተው።

የኔና የሱ ጠብ የጀመረው ግን በጋሽ እንየው ነው።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩ ቢቸና ገበያ ዳር ጠጅ ቤት ነበራት። ጋሽ እንየው ከአባቱ በወረሳት ማሲንቆ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያ ቤት ይጫወታል። በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እህሉን የሸጠውም ያልሸጠውም ገብቶ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። ጋሽ እንየው በሰዉ መሀል እየዞረ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። አንዱ ብርሌውን ከፍ አድርጎ "ተቀበል!" ይላል፤ ግጥሙን ይናገራል፤ ጋሽ እንየው ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል። ሥራው ይኼ ነው። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ፣

"ጨው ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ገባሁኝ፣
ብሩ ከኪሴ አለ ልቤን ግን አጣሁኝ"

ብሎ ሰጠውና ጨው የምትሸጠው ልጅ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ተገኘች። በዓመቱ ተጋቡ። ድንበር ተጣልተው የማይነጋገሩ ወንድማማቾች ከግራና ከቀኝ አግዳሚ ተቀምጠው፣ በጋሽ እንየው አፍ ሲሰዳደቡ ውለው፣ መጨረሻ ላይ ስድቡ ራሱ አሳቃቸውና አብረው ወጡ። ፊት ለፊት ቢናገሩት ደም የሚያፋስስ ነገር በዜማ ሲመጣ ጨዋታ ይሆናል። ጋሽ እንየው "ግጥሙ የኔ አይደለም፤ እኔ ጉሮሮዬን ነው የማውሰው" ይል ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው። የተሰጠ ግጥም አይመለስም። ሰው ተቀበል ብሎህ አለመቀበል የዘረጋውን እጅ መምታት ነው።

አቶ ይበልጣል ከተማው ውስጥ ያሉትን አዝማሪዎች በሙሉ ለስብሰባ ጠራ። እኔም አስተማሪና የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተጠሪ ስለነበርኩ ተጋብዤ ሄድኩ።

"ከእንግዲህ አዝማሪ ለማኝ አይደለም፤ ባለሙያ ነው!" አለ፣ እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ። "መታወቂያ ይኖረዋል። የደንብ ልብስ ይኖረዋል። የራሱ አዳራሽ ይኖረዋል። የከተማው አስተዳደር በጀት ይዞለታል።"

አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለዘመናት "እህ፣ አዝማሪ ነው" ሲባል ለኖረ ሰው መታወቂያና አዳራሽ ምን ክፉ ነገር አለው? ለበጀቱም ምክር ቤቱ ፊት ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው እሱ ነው። ሌላው ሹም ሁሉ መንገድ፣ ቦይ፣ ሼድ ሲል እሱ ብቻ ዘፈን አለ። ጭብጨባው ሲበርድ ወረቀቱን ገለጠ።

"በተረፈ እያንዳንዳችሁ የምትዘፍኑትን ግጥም ጽፋችሁ ለቢሮ ታስገባላችሁ። ታይቶ ይጸድቃል።"

ጋሽ እንየው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ተነሳ።

"ጌታዬ፣ ግጥሙኮ እኔ ዘንድ የለም።"

"ማን ዘንድ ነው ያለው?"

"ሰው ዘንድ ነዋ። ይሰጠኛል፣ እቀበለዋለሁ።"

"ማን የሚባል ሰው?"

"የመጣ ሰው።"

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ይበልጣል ግን ግንባሩን ቋጥሮ ቀረ።

"ቆይ፣ ቆይ። የምትዘፍነውን አስቀድመህ አታውቀውም ማለት ነው?"

"እንዴት ብዬ አውቀዋለሁ ጌታዬ? ሰጪው ራሱ ብርሌውን ሳያጋምስ አያውቀው!"

ሌላ ሹም ቢሆን እዚህ ላይ ስቆ ይተወው ነበር፤ ወይም ተቆጥቶ ይተወው ነበር። አቶ ይበልጣል መተው የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስብ ቆየና ፊቱ በራ።

"እንግዲያው ችግሩ አዝማሪው ጋ አይደለም፤ ግጥም ሰጪው ጋ ነው" አለ። "ግጥም ሰጪውን እናደራጃለን።"

ይህን ስናገር ሰዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም። የግጥም ሰጪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ከእርሻ አንድ፣ ከጤና አንድ፣ ከትምህርት አንድ። ከትምህርት እኔን ነበር የጠየቁኝ። አሞኛል አልኩ።

አዳራሹ የተመረቀው በገበያ ቀን ነው። እሱም ታስቦበት ነው፤ ሰዉ ከጠጅ ቤት ወጥቶ ወደ ሥርዓት እንዲገባ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ መጠጥ የለም። አዝማሪዎቹ መድረኩ ላይ በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። ጎልማሳውን ጋሽ እንየውን አረንጓዴ ቁምጣ አልብሰውታል። ዕድሜውን ሙሉ በሰው መሀል እየዞረ የተጫወተ ሰው፣ የወንበር ጫፍ ይዞ፣ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ መስሏል። እናቴ ከጎኔ ነበረች። "እኔን! ምን በደለ ብለው ነው እንዲህ ያስቀመጡት?" አለች።

የእርሻው ኮሚቴ ተነሳና ከወረቀት ላይ አነበበ።

"ተቀበል። እርከናችን በርክቶ ምርታችን ጨመረ፣ የባህል ማዕከላችን ሥራውን ጀመረ።"

ጋሽ እንየው ተቀበለ። ምን ያድርግ? ዜማውን እንኳ ሊያድንለት ሞክሮ ነበር። የጤናው ተነሳ፤ ስለ ሽንት ቤት ሰጠ። ሰዉ በአክብሮት ያጨበጭባል። አቶ ይበልጣል ፊተኛው ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። እዚያ ላይ ነው አንድ ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ከበስተኋላ የተነሳው።

"ተቀበል!"

አቶ ይበልጣል ዘወር ብሎ እጁን አነሳ። "ወንድሜ፣ ግጥም ሰጪዎች አሉ።"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለ ገበሬው። መልስ አልጠበቀም።

"አዳራሹም ያምራል፣ ወንበሩም ተርፎኛል፤
ለጨዋታ መጥቼ ስብሰባ ገጥሞኛል።"

ጋሽ እንየው መጀመሪያ አቶ ይበልጣልን አየ፣ ቀጥሎ ገበሬውን አየ። አቶ ይበልጣል እስክሪብቶውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ አይሆንም፣ ይላል። ገበሬው ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ እንየው ከወንበሩ ተነሳ፤ ከመድረኩ ወረደ፤ በወንበሮቹ መሀል አልፎ ገበሬው ፊት ቆመና ተቀበለው። እንደዚያን ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ጣራው ሊነሳ ደረሰ። የጤናው ኮሚቴ ሳይቀር ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ሲንፈቀፈቅ አይቻለሁ። ገበሬው አሥር ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሳይስቅ የተቀመጠ አቶ ይበልጣል ብቻ ነበር፤ ዓይኑንም አልጨፈነም።

በሳምንቱ የጋሽ እንየው መታወቂያ ተነጠቀ። ምክንያቱ "ያልጸደቀ ግጥም መቀበል" ነው። ለየጠጅ ቤቱም መታወቂያ የሌለው አዝማሪ ያጫወተ ቤት ይታሸጋል ተባለ። ጋሽ እንየው በቢቸና ከተማ ማሲንቆ ማንሳት አይችልም ማለት ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም። መሬት የለውም። አራት ልጆች አሉት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቢሮው ሄደች፤ ተከተልኳት። አቶ ይበልጣል ሲያያት ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ የራሱን ወንበር ለቀቀላት። ያ ደግሞ ነው የሚያናድደኝ። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ እንየው ምን አድርጎህ ነው?" አለችው።

"እናቴ፣ ምንም አላደረገኝም። እኔ እንየውን ከማንም በላይ ነው የምወደው።"

"ከወደድከው ተወዋ!"

"ብተወው ይጠፋል።" ድምፁ ተለወጠ። "እስቲ ይንገሩኝ፤ ነገ ተነገ ወዲያ በዚህ ከተማ ማሲንቆ የሚይዝ ሰው ይኖራል? ልጆቹ ይዘዋል? ማነው ለዚህ የሚያስበው? እኔ ብቻ ነኝ። ባህል ካልተመራ ይበላሻል፣ እናቴ።"

"የሚበላሸውስ ጠጅ ነው። እሱም ሲነካካ ነው የሚበላሸው። በደንብ ትጥለዋለህ፣ ትከድነዋለህ፣ ዞር ትላለህ።"

አቶ ይበልጣል እስክሪብቶውን አወጣና ጻፈው።

"በጣም ጥሩ አባባል ናት" አለ። "ለሪፖርታችን መግቢያ ትሆናለች።"

እናቴ አየችው፣ አየችውና ተነሳች። መንገድ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፤ "ይኼስ ይገድላል" አለች። መታወቂያውን አልመለሰም። አባባሏ ግን ሪፖርቱ ላይ መውጣቱን ሰምቻለሁ።

ብዙ ሹም አይቻለሁ። የሚሰርቀውን አይቻለሁ፣ የሚሰክረውን አይቻለሁ፣ ፋይል ላይ ተኝቶ የሚውለውን አይቻለሁ። ይበልጣል አይሰርቅም። እናቴ ቤት አንድ ብርሌ በነጻ ጠጥቶ አያውቅም። ቢሰርቅ እመርጥ ነበር። ሌባ ሲጠግብ ያርፋል፤ ሰነፍም ባህሉን በመርሳት ይምረዋል። ይህኛው ግን ወዳጅ ነው፤ ወዳጅ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ከዚህ በላይ የጠላሁት ሰው የለም።

ጋሽ እንየው ማሲንቆዋን በጋቢው ጠቅልሎ የሞጣን መኪና ተሳፈረ። ቤታችን በቴፕ ዘፈን ተሞላ። ቴፕ ግጥም አይቀበልም። ሰዉ ጠጁን እየጠጣ ቴፑን ትክ ብሎ ያያል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አግዳሚው ሳሳ። ድንበር የተጣላ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሌሎቹም አዝማሪዎች አረንጓዴ ቁምጣቸውን እየመለሱ አንድ በአንድ ከአገር ወጡ፤ አንዱ ደጀን የጫኝና አውራጅ ሥራ ያዘ ሲሉ ሰማሁ። እናቴም ብዙ አልቆየች፤ አረፈች፤ ጠጅ ቤቱም ከሷ ጋር ተዘጋ።

ከሞጣ የሚመጣው ወሬ ግን ጥሩ ነበር። "ጋሽ እንየው እዚህ ነግሦልሻል" ትለኛለች እህቴ። "ሠርጉን ሁሉ የያዘው እሱ ነው።" ያን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ይበልጣል ቢቸና ላይ ባዶ አዳራሽ ታቅፎ ይቅር፤ ጨዋታው ሞጣ ላይ አምልጦታል ብዬ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰለቸው አወራሁ።

አልቀረም። አዝማሪ የማደራጀት ሥራው "ምርጥ ተሞክሮ" ተብሎ ተቀመረለት። ቢቸና ውስጥ አንድ አዝማሪ እንኳ ባልቀረበት ሰዓት፣ ተሞክሮው ይስፋ ተብሎ እሱን ሾመው ወደ ሞጣ ላኩት።

ይህን ስሰማ ምጣድ ላይ እንደተጣለ ሰው ነው ያንጨረጨረኝ። አገሩ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ሞጣ! እህቴን ደውዬ "ጋሽ እንየውን እንዲሸሽ ንገሪልኝ" አልኳት። "ወዴት ይሽሽ?" አለችኝ። እኔም አላወቅሁም።

ከዚያ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሞጣ ሄድኩ። ሠርገኛው ተሰብስቦ፣ ድንኳኑ ተጥሎ፣ ሙዚቃው በስፒከር ነው።

"ጋሽ እንየውን አልጠራችሁትም?" አልኳት።

"ጋሽ እንየውማ ቢሮ ገባ።"

"ምን?"

"ቢሮ ገባ አልኩሽ። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። እነ አቶ ይበልጣል ጋ።"

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወደ ባህል ማዕከሉ ሄድኩ። አዲስ ቤት ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ መስኮቱ መስታወት። በሩ ላይ ካኪ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ጥበቃ ቆሟል። ልፈተሽ እጄን ስዘረጋ ነው ያወቅሁት። ጋሽ እንየው ነው። ሳመኝ፣ ደጋግሞ ሳመኝ፤ ስለ እናቴ አለቀሰ። ከዚያ ግን ቦርሳዬን ፈተሸ።

አቶ ይበልጣል ከውስጥ ድምፄን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "የወይዘሮ ጥሩ ልጅ! ውባለም!" አለ። ስሜን አልረሳም። የእናቴን ማረፍ ሲሰማ ለቅሶ ለመድረስ ባለመቻሉ ማዘኑን ነገረኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ሞፈርና ቀንበር ተደርድሯል፤ አገልግል፣ አኩፋዳ፣ የብራና መወጠሪያ። መጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ በገመድ በታጠረ ቦታ፣ የጋሽ እንየው ማሲንቆ ተሰቅላለች።

"አየሻት?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመ ይመስላል። "በቢቸና በድዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲያንገበግበኝ ነው የኖረው። እዚህ ስሾም መጀመሪያ ያስፈለግሁት እሱን ነው። ቋሚ ቅጥር፣ ደመወዝ፣ ጡረታ ሰጠሁት። አስቢው እስቲ፣ ከአዝማሪ ወገን ጡረታ የሚያገኝ ማን ነበር? ማሲንቆዋ ደግሞ የአባቱ ናት። በቅርስነት አስመዘገብናት። ከእንግዲህ ጠጅ አይደፋባት፣ ዝናብ አይመታት። ተረፈች።"

"ማን ይጫወትባታል?"

ግራ ገባው። "ቅርስ እንዴት ይጫወቱበታል?"

"እኮ ምኗ ነው የተረፈው ታዲያ?" ድምፄ ከፍ ብሏል፤ አላፈርኩም።

አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ ከተማ ለባህል ምን ያድርግ ትያለሽ?"

ለዓመታት በልቤ ስነግረው የኖርኩትን አወጣሁት። አዝማሪ የሚያጫውት ጠጅ ቤት ግብር ይቀንስለት አልኩት። የአዳራሹን ቁልፍ ለወጣቶች ስጧቸው፤ ምን እንደሚሠሩበት አትጠይቁ። አንድ ሰው ማሲንቆ ሊያስተምር ቢፈልግ ልጆቹ የሚቀመጡበት ቤት ስጡት። ፖሊስ ዘፋኝ እንዳይመታ ከልክሉ። "ከዚያ ደግሞ ዞር በሉ" አልኩት። "ዋናው እሱ ነው። ዞር በሉ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። እስክሪብቶው በእጁ ነው፤ ግብሩን ጻፈ፣ ቁልፉን ጻፈ፣ ማስተማሪያ ቤቱን ጻፈ። እዚያ ላይ ቆመ።

"ዞር ማለት..." አለ፣ እያሰበ። "ዕቅዱ ላይ በየትኛው ሥራ ሥር ነው የሚገባው?"

እየቀለደ አልነበረም። መልስ ይጠብቅ ነበር። ሰውዬውን ከዚያ በላይ ጠልቼው አላውቅም፤ ከዚያ በላይም አዝኜለት አላውቅም። ጥላቻው ግን ይበልጥ ነበር። ስብሰባ ተጠርቶ ነበርና ጥቂት ቆይቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ወጣ። በሕይወት ያየሁት ያን ቀን ነው የመጨረሻው።

ጋሽ እንየው ወደ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ቆመ።

"እንዴት እሺ አልክ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ ልጄ? እዚህም መታወቂያ መጣ። ከየጠጅ ቤቱ መታወቂያ፣ መታወቂያ እያሉ ሲያስወጡኝ ደከመኝ። ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለመኑኝ። እያለቀሱ ለመኑኝ። ለኔ ብሎ ማን አልቅሶ ያውቃል?"

"ሌላ ማሲንቆ ያዛ! ሠርጉ ላይ ተጫወት! እሁድ እሁድ እንኳ!"

"የመንግሥት ሠራተኛ እየዞረ አይዘፍንም። ደንብ ነው።" ካኪውን በእጁ አስተካከለ። "ጥሩ ሰው ናቸው፣ ውባለም።"

"ጥሩ ሰው አይደለም!" አልኩ። ልጅ ሆኜ አግዳሚ ሥር ተቀምጬ የሰማሁት ድምፅ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው። የጭራ ፀጉሩ ላልቷል፤ ደጋኑ ጎኗ ላይ በሚስማር ተይዟል፤ ቆዳዋ ላይ ስስ አቧራ አለ። የፈለግሁት ብዙ አልነበረም። አንዴ ብቻ፣ በጣቴ ጫፍ፣ እህ ስትል ልስማት አልኩ። ገመዱን ተሻግሬ እጄን ዘረጋሁ።

"ውባለም!"

ጋሽ እንየው ጮሆብኝ አያውቅም ነበር። ዱላውን እንደያዘ ገመዱን ዞሮ መጣና በኔና በግድግዳው መካከል ቆመ።

"አይነካም፣ ልጄ" አለኝ። "ቅርስ ነው።"

እጄን ሰበሰብኩ።